የባሕር ወደቦች ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞሩ የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ከየት ይጀምር?

የቦርከና ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የጭነት ትራንስፖርት ማኅበር የስምሪት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ማኅበራችን ጥቂት የኤሌክትሪክ ከባድ መኪናዎችን ለመግዛት እየመከረ ነው። ከአባላቱ ገሚሱ ለናፍጣ ማደያ በር ላይ ከመሰለፍ የሚገላግለን ይኸው ብቻ ነው ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ መኪናው አፋር በረሃ መካከል ባትሪው አልቆ ቢቆም ማን ይደርስለታል እያለ ይሰጋል። የሁለቱም ወገን ሐሳብ ሚዛን የሚደፋ ስለሆነ፣ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ጉዳዩን በቅርብ የምታውቁትን ለመጠየቅ ወሰንሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ባሕር ወደቦች ነው። የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ እጅግ የሚበዛው ክፍል የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል እንደመሆኑ፣ ወደቡ ያልተዘጋጀለትን መኪና እኛ ብቻችንን ገዝተን የትም አንደርስም። ታዲያ የጭነት ማጓጓዣው ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር የዓለም ወደቦች በተግባር ምን እየሠሩ ነው? ማሽን ሻጮች የሚናገሩትን ሳይሆን፣ ተተክሎ ሥራ ላይ የዋለውን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው የራሳችን ጉዳይ ነው። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ውስጥ ግዙፍ የቻርጅ ጣቢያ ካልተተከለ ምንም መጀመር አይቻልም ይላሉ። በእርግጥ መነሻው እሱ ነው? ወይስ ገንዘቡም ጥረቱም ሌላ ቦታ መዋል አለበት?


ተርሚናል መካኒክ

ሰላም ወንድሜ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ሲሆን በአንድ የኮንቴይነር ወደብ የክሬን ጥገና ላይ እሠራለሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄህን ልመልስ።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ወደብ ማለት ቀድሞውንም ግማሽ በግማሽ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቦታ መሆኑ ነው። ከመርከብ ላይ ኮንቴይነር የሚያወርዱት ረጃጅም ክሬኖች በአብዛኛው ኃይል የሚያገኙት ከመስመር ነው። እግራቸው ሥር ሰው የሚያህል የኬብል መጠቅለያ አለ፤ ክሬኑ በሐዲዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ክንድ የሚያህለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብል ከመጠቅለያው እየተተረተረ በመሬት ውስጥ በተቆፈረለት ቦይ ላይ ይተኛል፣ ሲመለስ ደግሞ ይጠቀለላል። ክሬኑ የተጫነ ኮንቴይነር ወደ ታች ሲያወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ያመነጨውን ወደ መስመሩ ይመልሳል፤ ጎን ለጎን የሚሠሩ ክሬኖች ባሉበት አንዱ ሲያወርድ የሚመልሰውን ሌላው ሲያነሣ ይጠቀምበታል።

ናፍጣ የሚበላው ከዚያ ወዲያ ያለው ግቢ ነው። ኮንቴይነር የሚደረድሩት በጎማ የሚሄዱ የግቢ ክሬኖች ጀርባቸው ላይ የናፍጣ ጄኔሬተር ተሸክመው ይዞራሉ። ማንሻና መንጃ ሞተሮቻቸው ግን ዱሮም የኤሌክትሪክ ስለሆኑ፣ ብዙ ወደቦች አዲስ ክሬን ሳይገዙ ጄኔሬተሩን ከሥራ አውጥተው ክሬኑን በኬብል ወይም በመደዳው ዳር በተዘረጋ የኃይል ሐዲድ እንዲሠራ አድርገዋል። አስቸጋሪው ክሬኑ ከአንድ መደዳ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው፤ በዚያች ደቂቃ ከመስመር ስለሚነቀል ትንሽ ባትሪ ወይም ትንሽ ጄኔሬተር ያስፈልገዋል። ተጎታች ሳቢዎች፣ ፎርክሊፍቶችና ሪች ስታከሮች (በረጅም ክንድ ኮንቴይነር አንሥተው የሚደረድሩ ተሽከርካሪዎች) ደግሞ ከቦታ ቦታ እንደልብ የሚዘዋወሩ በመሆናቸው ያለ ባትሪ ሌላ አማራጭ የላቸውም። ሃምቡርግ አልተንቨርደር የሚባለው ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ2002 ሲከፈት ያለ ሹፌር የሚሄዱት ጋሪዎቹ በናፍጣ ይሠሩ ነበር፤ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ወደ ሊቲየም ባትሪ ዞረዋል። በሮተርዳም ማስፍላክተ ሁለት እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው ተርሚናል ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባትሪ ተጠቅሟል፤ ጋሪው ኃይሉ ሲያንስ ወደ መለወጫ ጣቢያ ይገባል፣ ሮቦት ያለቀውን ባትሪ አውጥቶ የተሞላውን ያስገባለታል።

ሦስተኛው መርከቡ ራሱ ነው። መርከብ ወደብ ላይ ቆሞም ቢሆን ለመብራት፣ ለፓምፕና ለማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ጄኔሬተሩን አያጠፋም። የስዊድኑ ጎተንበርግ እ.ኤ.አ. በ2000 ለጭነት መርከቦች ከየብስ ከፍተኛ ቮልቴጅ ማቅረብ የጀመረ ቀደምት ወደብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2030 መጀመሪያ አንሥቶ ትልልቅ የኮንቴይነርና የመንገደኛ መርከቦች በዋና ዋና ወደቦቹ ሲቆሙ ከየብስ ኃይል እንዲወስዱ በሕግ አስገድዷል። ለአንድ የኮንቴይነር መርከብ የሚዘጋጀው መስመር በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት እስከ 7.5 ሜጋ ቮልት አምፔር (የመስመር ኃይል የመሸከም አቅም መለኪያ) የሚሸከም ነው። በዚህ ላይ ብዙዎቹ መርከቦች በ60 ኸርዝ የሚሠሩ ሲሆኑ የአውሮፓም ሆነ የእኛ አካባቢ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ድግግሞሹን የሚለውጥ ውድ መሣሪያ መካከል ላይ ይገባል።

ማኅበራችሁን በቀጥታ የሚነካው አራተኛው፣ ማለትም በወደቡ በር የሚገባና የሚወጣው የጭነት መኪና ነው። የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ በመኪና ከሚጓጓዝ ጭነት የያዘ ኮንቴይነር በ20 ጫማ ልክ 10 ዶላር ያስከፍላሉ፤ ጭስ በማያወጣ መኪና የሚሄደው ከክፍያው ነጻ ሲሆን፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዙ ድጋፍና ለቻርጅ ጣቢያ ይውላል። ይህ አሠራር የሚደነቅ ይመስለኛል፤ ሸክሙን በሙሉ ባለ አንድ መኪናው ባለንብረት ላይ አልጣለምና።

ከሙያዬ የምጨምረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ማሽኑን ከማዘዝ በፊት ኃይሉን ማዘዝ እንደሚገባ ነው። ትራንስፎርመርና የከፍተኛ ቮልቴጅ ማከፋፈያ ሳጥን ተሠርቶ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከማሽኑ የበለጠ ይቆያል፤ አዲስ ሳቢ ያለ ኃይል ግቢ ውስጥ ቆሞ አቧራ ሲጠጣ ማየት የሚያሳዝን ነገር ነው።


የደሴ ኃይል መሐንዲስ

በመጀመሪያ ከላይ ለተሰጠው መልስ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ እይዛለሁ፤ ለዚህ ደግሞ ከወሬ ይልቅ ሒሳብ ይሻላል።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጅቡቲ የባሕር ወለል ነው። በመካከሉ ያለው መንገድ በሚሌና በጋላፊ በኩል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 40 ቶን የሆነ መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ የጎማና የነፋስ ተቃውሞ ሳይታሰብ፣ 200 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልገዋል፤ የሞተርና የማርሽ ብክነት ሲታከልበት ወደ 230 ይጠጋል። በሜዳ ላይ እንዲህ ያለ መኪና በኪሎ ሜትር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል ብለን ብንይዝ፣ ከወደቡ እስከ ኮምቦልቻ በድምሩ 730 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። በገበያ ላይ ካሉት ትልልቅ ባትሪ ከተሸከሙት መኪናዎች አንዱ የመርሴዲስ ኢአክትሮስ 600 ሲሆን ባትሪው 621 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪያቸው የሚለወጥ የቻይና ከባድ መኪናዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ 282 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ጭኖ የሚመጣ መኪና፣ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን፣ መንገድ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ መሙላት አለበት።

የት? ዋናው ነገር ይህ ነው። ከጅቡቲ እስከ ሚሌ ያለው 380 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ረጅም ቢሆንም በአመዛኙ ቆላ ነው፤ ሚሌ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር የማይበልጥ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ዋናው ዳገት የሚገጥመው ከሚሌ በባቲ፣ በገርባና በደጋን አድርጎ ኮምቦልቻ እስኪገባ ባለው በመጨረሻው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር ክፍል ብቻ 1,350 ሜትር ያህል ሽቅብ ስለሚወጣ መኪናው ወደ 300 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህም ማለት ባለ 282ቱ መኪና ከሚሌ ሞልቶ እንኳ ቢነሣ በሙሉ ጭነት ኮምቦልቻ አይደርስም፤ ባቲ ላይ ባትሪ መለወጥ አለበት። ትልቅ ባትሪ ያለው ደግሞ ጅቡቲ ላይ ሞልቶ ቢነሣ ሚሌ ሲደርስ ከ200 ያነሰ ይቀረዋል፤ ስለዚህ ለዳገቱም ለመጠባበቂያም የሚሆን 200 ያህል እዚያው ይጨምራል። ባለ 350 ኪሎዋት ቻርጀር ካለ ሹፌሩ ምሳውን በልቶ ሲነሣ ያልቃል።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ እንመለስ። እዚህ ጭነቱን ያራገፈው መኪና በአብዛኛው ባዶ ኮንቴይነር ይዞ ወይም ጨርሶ ባዶውን ነው የሚመለሰው፤ አገራችን ከምትልከው የምታስገባው እጅግ ስለሚበዛ። ባዶው መኪና ከነተሳቢው 15 ቶን ያህል ቢመዝን፣ በሜዳ የሚበላው በኪሎ ሜትር ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ እየያዘው ወደ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለባትሪው ይመልሳል። ስለዚህ እስከ ጅቡቲ ለመመለስ የሚበቃው 200 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ለመሙላት ግዙፍ ጣቢያ አያስፈልግም። መኪናው ከምሽት እስከ ንጋት 8 ሰዓት ቢቆም፣ 30 ኪሎዋት የሚሰጥ ተራ ቻርጀር 240 ኪሎዋት ሰዓት ይሞላለታል።

ይህ ለስብሰባችሁ የሚጠቅም ይመስለኛል። ጭነቱ ወደ ላይ፣ ባዶው ወደ ታች በሚሄድበት መንገድ ከባዱ የቻርጅ ሸክም የሚወድቀው በታችኛው ጫፍ፣ ማለትም በባሕር ወደቡና በሚሌ ላይ ነው እንጂ በደረቅ ወደቡ ላይ አይደለም። ማኅበራችሁ አቅሙን አስተባብሮ የሚጠይቀው ነገር ቢኖር ሚሌ ላይ አስተማማኝ ፈጣን ቻርጀር እንዲተከል ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ቁምነገሩ ሰዓቱ ነው። ለምሳሌ 20 መኪና በአንድ ምሽት ቢገባና ሁሉም በየ150 ኪሎዋቱ ባንድ ጊዜ ቢሰካ 3 ሜጋዋት ይጠይቃሉ፤ እነዚያው 20 መኪናዎች ሌሊቱን ሙሉ በየ30ው ቢሞሉ ግን ከ600 ኪሎዋት አይበልጡም። የሚሞላው ኃይል ያው ሆኖ ሳለ የሚያስፈልገው ትራንስፎርመርና ኬብል በአምስት እጥፍ ይለያያል። በአገር ደረጃ ዛሬ የሚያንሰን ማመንጫ ነው ብዬ አላምንም፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት ነው። የሚያንሰን ከማከፋፈያ ጣቢያ እስከ ግቢው በር ያለው መስመር ነው። ጅቡቲም ብትሆን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከእኛ ኃይል እየገዛች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ጉቤት አጠገብ 60 ሜጋዋት የሚያመነጭ የነፋስ ጣቢያም አስመርቃለች። እዚያ ወደብ ላይ የሚሞላ መኪና ከእኛው ወንዝ የመነጨውን ኃይል ይዞ ወደ እኛ ይመለሳል ማለት ነው፤ ይህን ሳስበው በጣም ደስ ይለኛል።


የባቲ መስመር

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ መስመር ላይ ጭነት በማመላለስ ነው። ሒሳቡን በደንብ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁታል፤ ስለ ዳገቱ የተባለውም እውነት ነው፣ ናፍጣውም ቢሆን የሚያልቀው ከሚሌ ወዲህ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቁልቁለቱ ነው።

ሹፌር ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከባቲም ወደ ቆላው ሲወርድ በእግር ፍሬን አይታመንም። ማርሽ ቀንሶ፣ የሞተር ፍሬኑን ከፍቶ፣ መኪናውን በሞተሩ አስይዞ ነው የሚወርደው። የእግር ፍሬን ደጋግሞ የረገጠ ሰው ሸራው ይግላል፣ ከጎማው ሽታ ይወጣል፣ ቀጥሎ ፍሬኑ እምቢ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ገደሉ ሥር ያለው ብረት ይናገራል። አሁን መሐንዲሱ እንዳለው የኤሌክትሪኩ መኪና የሚይዘው ወደ ባትሪው ኃይል እየመለሰ ከሆነ፣ ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የት ይመልሰዋል? ሹፌሩ ሌሊቱን ሲያስሞላ አድሮ፣ ጧት መቶ በመቶ ሞልቶ፣ ወዲያው ቁልቁለት ቢጀምር ሞተሩ ይይዝለታል ወይስ ይለቀዋል? ይህን ሳይነግሩ መኪና ለሹፌር ማስረከብ በነፍስ መጫወት ነው።

ሌላው ሙቀቱ ነው። ጅቡቲና አፋር በክረምት ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ጎማ እንኳ የሚፈነዳበት ቦታ ነው፤ ባትሪው እንዴት ይችለዋል?


የደሴ ኃይል መሐንዲስ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ከሁሉም የሚቀድም ነው። አዎን፣ መቶ በመቶ የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል መቀበል አይችልም፤ በዚያ ጊዜ የሞተሩ መያዝ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። አንዳንድ መኪናዎች ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያስወግድ ተጨማሪ መሣሪያ ይገጠምላቸዋል፤ ማኅበሩ ሊገዛ ሲዋዋል ይህ መኖሩን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ከዚያ በላይ ግን መፍትሔው የስምሪት ደንብ ነው፦ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የሚወርድ መኪና ከ80 በመቶ በላይ ሞልቶ አይነሣም ተብሎ ቻርጀሩ ራሱ እዚያ ላይ እንዲያቆም ይደረግ። ባዶው መኪና ከዚያ በላይ እንደማያስፈልገው ከላይ አይተናል።

ከኮምቦልቻ ጭኖ የሚወርደው ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 40 ቶን ይዞ እስከ ሚሌ የሚወርድ መኪና 130 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢበላም 100 ያህል መልሶ ስለሚቀበል፣ ሚሌ የሚደርሰው በተነሣበት ልክ አካባቢ ነው። ስለዚህ የወጪ ዕቃ የጫነው መኪና ከደጋው ላይ ሞልቶ መነሣት አይጠቅመውም፤ ለቁልቁለቱ ቦታ ትቶ ወርዶ የሜዳውን ኃይል ሚሌ ላይ መሙላት ይሻለዋል።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ የከባድ መኪና ባትሪዎች በፈሳሽ የሚቀዘቅዙ ናቸው፤ ማቀዝቀዣው ግን ራሱ ኃይል ይበላል፣ በጣም ሲሞቅም ባትሪው እንዳይጎዳ ቻርጁ በራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ የሚሞላ መኪና ከቀትር ይልቅ ሌሊት ቢሞላ ይመረጣል። ከባሕር የሚመጣው ጨዋማ አየር መሰኪያዎችን ስለሚበላ በየጊዜው ማየትና ማጽዳትም የሹፌሩ ሥራ ይሆናል።


የቦርከና ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የጋሼን ጥያቄና መልሱን አትሜ ለሹፌሮቻችን አድላለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ከጅቡቲ መስመር ይልቅ ከደረቅ ወደቡ ወደ ፋብሪካዎችና ወደ ደሴ የሚደረገው አጭር ምልልስ ለመጀመሪያ ሙከራ አይሻልም ወይ? ደግሞስ በደረቅ ወደቡ ውስጥ ያሉት ማንሻዎች ወደ ኤሌክትሪክ ቢዞሩ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው ሊቆም አይደለም?


ተርሚናል መካኒክ

ወንድሜ፣ በአጭሩ ምልልስ መጀመሩ ትክክል ነው፤ የባሕር ወደቦቹም የጀመሩት በዚያው ነው። ከግቢ የማይወጣ ወይም በቀን ብዙ ጊዜ ወደ ግቢው የሚመለስ ተሽከርካሪ ባትሪው ትንሽ ቢሆንም ይበቃዋል፤ ቢበላሽም ጥገናው ደጅ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ዳገቱ ወደ 650 ሜትር ስለሚሆን 40 ቶን ይዞ መውጣቱ 100 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል፤ ባዶውን ሲመለስ ግን የሚፈጀው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከባሕር ወደቡ የመጣው ኮንቴይነር ደረቅ ወደቡ ላይ ወርዶ ከዚያ ወዲያ በኤሌክትሪክ መኪና ቢከፋፈል፣ ባለ 282ቱም ቢሆን በቀን ሁለቴ ተመላልሶ ይተርፈዋል።

ማሽኖቹን በተመለከተ፣ ፎርክሊፍቱንና ሳቢውን አስቀድሙ፤ ሪች ስታከሩን በመጨረሻ። ሪች ስታከር እስከ 45 ቶን የሚያነሣ፣ ኃይሉን ድንገት ድንገት የሚስብ ማሽን ስለሆነ ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል። የናፍጣውን አንዱን ደግሞ ለክፉ ቀን አቆዩት። ለመብራት መቆራረጥ ወደቦች የሚጠቀሙበት መላ በኮንቴይነር ውስጥ የተገጠመ የማጠራቀሚያ ባትሪ ነው፤ ከመስመሩ ቀስ እያለ ይሞላና ቻርጀሩ ሲፈልግ ቶሎ ይሰጣል። በዚህም ደካማ መስመር ያለበት ግቢ ፈጣን ቻርጀር ሊኖረው ይችላል፤ መብራት ሲጠፋም የተጀመረውን መርከብ ወይም መኪና አራግፎ ለመጨረስ ይበቃል።

እግረ መንገዴን ለደረቅ ወደቡ ሰዎች የምለው አለኝ። ኮንክሪት ወይም አስፋልት ለማደስ ግቢው በተቆፈረ ቁጥር፣ ኬብሉ ገና ባይገዛም እንኳ ባዶ ቱቦ ከሥሩ ቅበሩ። ቱቦው ራሱ ርካሽ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚወስደው አርባ ቶን እንዲሸከም ሆኖ የተሞላን ወለል እንደገና ሰብሮ መሙላት ነው።


ትራንዚተር ኮምቦልቻ

ሁሉም ስለ መኪናው ስለተናገረ እኔ የቀሩትን ሁለት ነገሮች ላንሣ። ሥራዬ የጉምሩክ አስተላላፊነት ነው።

አንደኛው ባቡሩ ነው። የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መስመር ነው። ከአዋሽ ተገንጥሎ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው 390 ኪሎ ሜትር ያህል መስመርም እንዲሁ ለኤሌክትሪክ ባቡር የተነደፈ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ተጎድቷል፤ ሐዲዱን ሁላችንም ስናየው ኖረናል፤ ዕቃ ጭኖ ሲያልፍበት ግን ገና አላየንም። ይህ መስመር ሥራ የጀመረ ዕለት ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር ያን ሁሉ ዳገት በባትሪ ሳይሆን ከላይ በተዘረጋ ሽቦ ይወጣል፤ ለመኪናው የሚቀረው ከደረቅ ወደቡ ወዲያ ያለው ስርጭት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ማኅበሩ የሚገዛቸው መኪናዎች ነገ በአጭሩ ምልልስም ሊሠሩ የሚችሉ ቢሆኑ ይበጃል። እኔ በበኩሌ ለሚሌው ቻርጀር የምንጮኸውን ያህል ለዚህ ባቡርም ልንጮህ ይገባል ባይ ነኝ። ክሬን ኮንቴይነሩን የሚያነሣው ከላይ በመሆኑ፣ 25,000 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ማራገፊያው ላይ ሊዘረጋ አይችልም፤ በዚህ የተነሣ በየወደቡ የመጨረሻዋን ጥቂት መቶ ሜትር ፉርጎዎቹን የሚጎትተው የናፍጣ ወይም የባትሪ ሎኮሞቲቭ ነው። ደረቅ ወደቡ ከሐዲዱ ጋር ሲገናኝ ይህም አብሮ ይታሰብ።

ሁለተኛው ባትሪው ራሱ ዕቃ ሆኖ ሲመጣ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በወደብ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። በባሕር ማጓጓዣ ደንብ የሊቲየም ባትሪ በአደገኛ ዕቃዎች 9ኛ ክፍል ውስጥ ይመደባል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 በኔዘርላንድ ባሕር ዳርቻ አቅራቢያ የተቃጠለችው ፍሪማንትል ሃይዌይ የተባለች የመኪና ማጓጓዣ መርከብ ከጫነቻቸው ወደ 3,800 የሚጠጉ መኪናዎች 500 ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። እሳቱ ከእነሱ ተነሣ የሚል ማረጋገጫ አልተገኘም፤ እንዲያም ሆኖ ወደቦች ስለ አቀማመጥና ስለ እሳት መከላከል ደግመው እንዲያስቡ አድርጓል። የተጋጨ ወይም ውኃ የገባበት ባትሪ ከቀናት በኋላ እሳት ሊነሣበት ይችላል፤ ሲነሣም በተራ ማጥፊያ አይበርድም፣ ብዙ ውኃና ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፣ ጠፋ ከተባለ በኋላም ሊያገረሽ ይችላል።

ስለዚህ በየብስም ሆነ በባሕር ወደብ የሚሠራበት ደንብ አንድ ነው፤ ጉዳት የታየበት የኤሌክትሪክ መኪና ከሌላው ተነጥሎ፣ የእሳት አደጋ ተሽከርካሪ በሁሉም አቅጣጫ ሊደርስበት በሚችል ገላጣ ቦታ ይቆማል። ኮምቦልቻ የጨርቃጨርቅ ከተማ ናት፤ በግቢያችን ጥጥ፣ ክርና ጨርቅ የያዙ ኮንቴይነሮች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ከጅቡቲ የሚመጣውን መኪና ስንረከብ መከላከያውንና በሩን ብቻ ሳይሆን ከሥር ያለውን የባትሪ ሳጥን በባትሪ መብራት ጎንበስ ብሎ ማየት፣ ጭረት ወይም ፈሳሽ ካለ በርክክብ ሰነዱ ላይ መጻፍ፣ መኪናውንም ከጥጡ መደዳ ማዶ ማቆም አሁኑኑ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። ለዚህ ቻርጀርም ትራንስፎርመርም መጠበቅ አያስፈልግም።